ቢራ ቢራ ነው

ማራናታ የወንድሟን ድምፅ የሰማችው ከታንኮቹ ጀርባ ተንበርክካ የቢራ ቱቦ በሙቅ ውሃ ስታጥብ ነው። የቢራ ቤቱ ባለቤት የፊሊጶስ ቢሮ ከጠመቃ ክፍሉ በላይ ነው፤ ወለሉ ጣውላ ስለሆነ እላይ የወደቀ እስክሪብቶ እንኳ እታች ይሰማል። ፊሊጶስ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ድምፁን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እየተንጎራደደ ነው። እናም ቅዳሜ ጠዋት፣ አስተናጋጆቹ ገና ሳይገቡ፣ ታላቅ ወንድሟ ዋቅቶላ ከራሷ በላይ ሲናገር ሰማችው። መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም። ያንን ድምፅ የምታውቀው ማዕድ ሲባርክ፣ ከመድረክ ሲጸልይ፣ ወጣቶችን ስለ መጠጥ ሲገሥጽ ነው።

«ስሜ የትም ቦታ እንዳይነሳ» አለ ድምፁ። «ድርሻው በባለቤቴ ወንድም ስም ይሁን። ሰኞ መጥቶ ይፈርማል።»

«እሱን ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ጋሽ ዋቅቶላ።»

«ሌላው የእህቴ ጉዳይ ነው። እሷ እዚያ እስካለች ድረስ የኔ ስም ተያይዞ መነሳቱ አይቀርም። ሙያውን ለአንድ ሰው ታሳየውና በሰላም ሸኛት።»

የፊሊጶስ እርምጃ ቆመ። «ማሩ ከሄደች እኮ ቢራውም አብሯት ይሄዳል። ሰው እዚህ የሚመጣው…»

«ቢራ ቢራ ነው» አለ ወንድሟ። «ማንም ይጠምቀዋል።»

ፊሊጶስ እንደገና እየተንጎራደደ «እስቲ ሰኞ እናየዋለን» አለ። እምቢ አላለም። ሙቁ ውሃ በማራናታ እጅ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ መቃጠሏን ያወቀችው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቱቦውን ሰቅላ፣ ውሃውን ዘግታ፣ የቀላውን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከሦስተኛው ታንክ ፊት ቆመች። እዚያ ውስጥ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ የሚቀዳው አዲሱ ቢራ አለ። ዶላር ጠፍቶ ለቢራ ምሬት የሚሰጠውን ሆፕስ ከውጭ የሚያመጣላቸው ነጋዴ ሥራውን ሲተው፣ ሌሎቹ ጠማቂዎች ሲጨነቁ፣ እሷ ወደ ጌሾ ዞረች። የመጀመሪያው ጠመቃ መድኃኒት መድኃኒት አለ፤ ሁለተኛው ጠላም ቢራም ሳይሆን ቀረ። ቅጠሉን ትታ እንጨቱን ብቻ፣ እሱንም ፍሉ ሊያበቃ ሲል ስትጨምር፣ ከአርሲ የመጣውን የገብስ ብቅል ደግሞ ከፊሉን ቆላ ስታደርገው ነው የምትፈልገው የመጣላት። ቀለሙ ጠይም ማር የመሰለ፣ አረፋው ጥቅጥቅ ያለ፣ አፍንጫ ላይ የተቆላ ገብስ የሚሸት፣ ምሬቱ ከተዋጠ በኋላ ቀስ ብሎ የሚደርስ ቢራ። ፊሊጶስ የቀመሰው ዕለት ምንም ሳይናገር ብርጭቆውን ጨርሶ ሁለተኛ ጠየቀ። በዚህ ከተማ በትንሽ በትንሹ እየጠመቁ ራሳቸው የሚሸጡ ቤቶች ብዙ አይደሉም፤ ጠማቂዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ሊቀምስ ይሄዳል፣ ያማል፣ ያደንቃል፣ እርሾ ይዋዋሳል። የማራናታ ጌሾ ወሬው ሳይቀዳ በፊት ደርሷቸው፣ ዛሬ ሁሉም እመጣለሁ ብለዋል።

ዋቅቶላ ለማራናታ ወንድም ብቻ አልነበረም። አባታቸው ሲሞት ከነቀምቴ አምጥቶ ያሳደጋት፣ ኬሚስትሪ እስክትመረቅ ያስተማራት እሱ ነው። ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስትቀጠር «ለጊዜው ነው» ብሎ አለፈው። ቦሌ ቢራ ቤት ውስጥ ጠማቂ መሆኗን ሲሰማ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነውና ምእመኑ ፊት ቆሞ በስሟ ጸለየላት። ያቺ ጸሎት ከየትኛውም ሐሜት የባሰ ሥራ ሠራች። ከመዘምራኑ ወጣች፤ ሰዉም «ወንድሟ ያጠምቃል፣ እሷ ትጠምቃለች» እያለ ሳቀባት። ይህም ይታለፍ ነበር። ያልታለፈው የአምላኩ ነገር ነው። እጮኛዋ አምላኩ ሽማግሌ የላከ ዕለት ዋቅቶላ እንግዶቹን በክብር አስተናግዶ፣ አብልቶ፣ መጨረሻ ላይ «ሳልነግራችሁ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል» አለና እህቱ አስካሪ መጠጥ እንደምትጠምቅ፣ ከወንዶች ጋር ቁጭ ብላ እንደምትቀምስ ነገራቸው። አምላኩ ያውቅ ነበር፤ ወላጆቹ ግን አያውቁም ነበር። አምላኩ «ቤተሰቦቼ ምን እንደሚሉ ልስማ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠላው እንኳ ማራናታ ለወንድሟ አንድ ነገር ትተውለት ነበር፤ ያመነበትን ነው ያደረገው ትል ነበር። ዛሬ ያ ቀረ።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበሩ፤ ሳሊተ ምሕረት ዋቅቶላ ቤት ነው የሚኖሩት። ማራናታ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟ ለስብሰባ ሲወጣ ጠብቃ ትጠይቃቸዋለች።

«እናንተ ጋ አራብሳ ውሃ መጣ?» አሉ እናቷ።

«ትናንት መጥቶ ነበር።»

«ሽንኩርቱስ? እዚህ እንደገና ጨምሯል።»

«እኛም ሰፈር ያው ነው።»

 ከጀርባቸው የሳህን ድምፅ፣ የሰው ግር ግር ይሰማል። «ዛሬ ከምትመጪ ነገ ብትመጪ ይሻላል» አሉ በመጨረሻ። «እንግዳ አለብን።»

«የሲፈን ሽማግሎች ናቸው?»

ሲፈን የዋቅቶላ ልጅ ናት። የማራናታ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ሲፈን።»

«እንግዲያው ይባርካት በይ።»

«ይባርካት» አለች ማራናታ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሲፈን ከቤተሰቡ ሁሉ ቢራ ቤቱን የረገጠች ብቸኛ ሰው ናት። ከሥራ ስትወጣ አንዳንዴ ብቅ ትላለች፤ ጥቁሩን ቢራ ቀስ ብላ ትጠጣለች፣ ወደ ቤት ስትሄድ ማስቲካ ታኝካለች። ባለፈው ሳምንት መጥታ ሊያገባት ስለሚፈልገው ልጅ፣ ስለ ቶሚ፣ ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር። «አክስቴ፣ አንቺን አለመጥራታቸው የኔ ሐሳብ እንዳይመስልሽ» ብላ እጇን ይዛት ነበር። ማራናታ አሁን የታንኩን መክፈቻ ጨብጣ ይህንንም አሰበች። መክፈቻውን ወደ ታች ብትጠመዝዘው የወራት ልፋቷ ወለሉ ላይ ባለው ቦይ ይወርዳል፤ ፊሊጶስ ከሰዓት በኋላ ለእንግዶቹ የሚያቀርበው ያጣል። ግን የሚደፋው የሷ ቢራ ነው፤ ዋቅቶላን አይነካውም። ዋቅቶላን የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ዛሬ ሲፈን ተቀምጣለች። ይህን በደንብ ታውቀዋለች። አውቃው ትልቁን ቡናማ ጠርሙስ አጠበች፣ ከሦስተኛው ታንክ እስከ አንገቱ ሞላች፣ ከደነች፣ ሽርጧን አውልቃ ታክሲ ጠራች።

በገርጂ አድርገው ወደ ሲኤምሲ ሲወጡ መንገዱ እንደ ቅዳሜው ሁሉ ተጨናንቆ ነበር። አዲስ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፤ ሚዜዎቹ መኪና መንገድ ድረስ ወጥተው ይጨፍራሉ። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ እግሯ መሀል የያዘችውን ጠርሙስ በመስታወት አይቶ «ማር ነው?» አላት። «ቢራ ነው» አለችው። ጥቂት አሰበና «እኔ እንኳ ሙስሊም ነኝ፤ ካልፈሰሰ ግን ችግር የለውም» አለ። እንዳይፈስ አቀፈችው። ንዴቷ በመንገድ ላይ ይበርዳል ብላ ነበር፤ አልበረደም። ይልቅ እየጠራ፣ እየረጋ ሄደ፤ የምትናገረው ቃል በቃል ሲዘጋጅ ተሰማት። ቤቱ በር ላይ ደርሳ ሁለት የማታውቃቸውን መኪናዎች ቆመው ስታይ «ልመለስ» የምትል ትንሽ ሐሳብ መጣችባት። ሹፌሩ የገንዘቧን መልስ እስኪሰጣት የቆመችበት ጊዜ ሐሳቧን ለመለወጥ በቂ ነበር። አልተመለሰችም።

ሳሎኑ ውስጥ ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። የተፈተጉት ሶፋዎች ግድግዳውን ታክከው ተደርድረዋል፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እንደ ድንች የሚቀቀለው አንጮቴ በቂቤ፣ ዶሮ፣ ለስላሳ መጠጥና የአምቦ ውሃ ቀርቧል፤ ግድግዳው ላይ «እኔና ቤቴ እግዚአብሔርን እናመልካለን» የሚለው ጥቅስ በወርቃማ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ ያሉት ነጭ ሪዝ ያላቸው አቶ ዘርአጽዮን በቤተ ክርስቲያናቸው ዘንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የቶሚ አባት ወዳጅ ናቸው። የዋቅቶላ ሚስት መብራት ጎንበስ ብላ ሳህን ታቀርባለች። እናቷ ጥግ ላይ፣ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ዋቅቶላ እየተናገረ ነበር፤ «ልጃችን ያደገችበትን ቤት ታውቁታላችሁ» እያለ። ማራናታን ሲያይ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።

ማራናታ በሥነ ሥርዓት ሰላም አለች። የሽማግሎቹን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ የእናቷን ጉልበት ሳመች። አቶ ዘርአጽዮን ፈገግ ብለው «ይህችኛዋ ማን ናት?» አሉ።

«ልጄ ናት፤ የመጨረሻዋ» አሉ እናቷ ቶሎ ብለው።

«ሥራ ስለሚበዛባት ብዙም አትታይም» አለ ዋቅቶላ። ድምፁ እንደተለመደው ለስላሳ ነው። «ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው።»

ማራናታ ጠርሙሱን ከለስላሳዎቹ መሀል አስቀመጠችው። የታመቀው አረፋ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ሠርቶ ነበር። «ቢራ ነው» አለች። «እኔ ቢራ ጠማቂ ነኝ። ቦሌ ነው የምሠራው። ጋሼ ዋቅቶላ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ የቢራ ቤቱ ባለድርሻ ናቸው፤ በእትዬ መብራት ወንድም ስም። ሳልነግራችሁ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።»

 መብራት የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ እጇን ማየት ያዘች። ዋቅቶላ ሁሉንም በዓይኑ ዞረ፤ እናቱን፣ ሚስቱን፣ ከጓዳው በር ላይ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ያለችውን ሲፈንን።

«ወንድም ዋቅቶላ» አሉ አቶ ዘርአጽዮን፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እውነት ነው?»

ሊክድ ይችል ነበር። ማራናታ ወረቀት አልያዘችም፤ ምስክርም አላመጣችም። እየጠበቀችው ያለችውም ይህንኑ ክህደት ነበር፤ ለእሱ የሚሆን መልስም ታክሲ ውስጥ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ሚስቱን አየና ትከሻው ወረደ።

«እንደ ንግድ ነው ያየሁት» አለ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። አቶ ዘርአጽዮን አጭር ጸሎት አደረጉ፤ የቤቱን ሰላም ለመኑ፣ ስለ ጋብቻ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። «እንግዲህ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረን እንመለስበታለን» አሉ ሲነሱ። እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ የዚያን ቃል ትርጉም ያውቃል። አንጮቴው እንደቀረበ ቀረ። መኪናዎቹ ተነስተው እስኪሄዱ ድረስ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው በቆመበት ቆሞ ድምፃቸውን ሰማ።

«ደስ አለሽ?» አለ ዋቅቶላ።

«አዎ» አለች። እውነቷን ነበር። ደረቷ ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ነገር ተነስቶ ነበር። በሕይወቷ ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው ፊት ለፊት አይታ «ማንም ይጠምቀዋል ያልከውን ሰምቼሃለሁ» አለችው። «ከታች ሆኜ ቱቦ እያጠብኩ ነበር። አንተ የእኔን ትዳር በኅሊናህ ስም በትነህ ስታበቃ በቢራዬ ልትከብር ነበር። በስሜም ሳይሆን፣ እኔን አስወጥተህ።»

 ዋቅቶላ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናቷ ተነስተው ሳህኖቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ማራናታ ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ወደ ጓዳ ሊገቡ ሲሉ ዞር ሳይሉ «ምሳ በልተሻል?» አሏት። «በልቻለሁ» ብላ ዋሸች።

ግቢው በር ላይ ሲፈን ደረሰችባት። ቀሚሷን እንዳይቆሽሽ በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛለች፤ ለማን እንደምትጠነቀቅለት ሳታውቅ። አላለቀሰችም። «ነገ ቢሆን ምን ነበረበት?» አለች።

«ነገ ቢሆን እሱን አያመውም ነበር።»

«የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ሲፋ።»

«ታውቂ ነበር? ስትመጪም ታውቂ ነበር?»

 ሲፈን ራሷን ነቀነቀች። «የአምላኩ ሽማግሎች የሄዱ ዕለት ማን ነበር አንቺ ጋ ያደረው?» አለች። «አባቴ እየከለከለኝ ማን ነበር የመጣው?» ከዚያ በሩን፣ ሳታስጮኸው፣ ከውስጥ ዘጋችው።

ቦሌ ስትመለስ ቢራ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከሌሎቹ ጠማቂ ቤቶች የመጡት ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘው ብርጭቆ ወደ ብርሃን እያነሱ ይከራከራሉ፤ አንዱ ጌሾ ነው ይላል፣ ሌላው ጌሾ እንዲህ አይሆንም ይላል፤ አስተናጋጆቹ አረፋ የሚፈስበት ጃምቦ ይዘው በሰው መሀል ይሽሎከለካሉ። ፊሊጶስ ባንኮኒው ጋ ክንዷን ይዞ ወደ ጠመቃ ክፍሉ አስገባት።

«ወንድምሽ ደወለ። ከድርሻው ወጥቻለሁ አለኝ። ምን አድርገሽ ነው?»

«እሱ ያደረገኝን።»

«ሁለተኛውን ቤት በእሱ ገንዘብ ነበር የምከፍተው፣ ማሩ። ሠራተኛ ልቀጥር ቃል ገብቼ ነበር። ለኔ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«አንተ ደግሞ ‹ሰኞ እናየዋለን› ነበር ያልከው» አለችው።

ፊሊጶስ ቀና ብሎ የጣውላውን ጣሪያ አየ። ጥፋቱ ገብቶት ፊቱ ሲለወጥ ማራናታ አየችው፤ ልታቀልለት አልፈለገችም። «ከዛሬ ጀምሮ ቢራውን ማን እንደጠመቀው ለሰው ይነገር» አለች። «ካልሆነ እኔ ራሴ ሰኞ አልመጣም።»

ወጥቶ ነገራቸው። ብርጭቆ በማንኪያ መትቶ ጸጥ አሰኛቸውና ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጠራ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ከጠማቂዎቹ አንዱ፣ ለምስጋና ስስታም በመሆኑ የታወቀ ሽማግሌ፣ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ብርጭቆ ሰጧት። ጠጣች። ቆንጆ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከጠመቀችው ሁሉ የተሻለ ነበር፤ የገብሱ ሽታ ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ ቅዝቃዜው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ምሬቱ። ስለ ዋቅቶላ አሰበችና ጸጸት ፈለገች፤ አላገኘችም። ነገም ቢሆን ታደርገዋለች። ሲፈንን ስታስብ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠች። መልእክት ጻፈችላት፤ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ ላከችው። መልስ አልመጣም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቷ ደወሉ። «ሲፈን አንቺ ጋ ናት?» አሉ፤ አሁን ስለ ሽንኩርት አልጠየቁም። «ልብሷን ይዛ ወጣች። አባቷ በር ላይ ቆሞ ለምኗት ነበር።» ማራናታ ሰዎቹን አልተሰናበተችም። አንዱ «ወዴት ነው፣ ገና አሁን እኮ ነው» እያላት በጀርባ በር ወጥታ ወደ አራብሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መንገዱ ሁሉ ረዘመባት። ከኮንዶሚኒየሙ በታች ያለው ሱቅ ውስጥ ገብታ «ቀጭን ልጅ፣ ሻንጣ የያዘች አላያችሁም?» ብላ ጠየቀች፤ አላየንም አሏት።  ሲፈን ቶሚ ጋ ሄዳ ይሆናል፤ ጓደኛ ጋ ሄዳ ይሆናል፤ የትም ብትሄድ ልክ ናት እያለች ነበር ደረጃውን የምትወጣው።

ሲፈን በሯ ፊት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሐበሻ ቀሚሱን አውልቃ ጂንስ ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። ማራናታ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ቆመች።

«ለቶሚ ደወልኩለት» አለች ሲፈን። «ቤተሰቦቼ ምን እንደሚሉ ልስማ አለኝ።»

 ይህንን ዓረፍተ ነገር ማራናታም ከአምላኩ አፍ ሰምታው ታውቃለች።

«ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ ነው የመጣሁት» አለች ሲፈን። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም» አለች ማራናታ፤ ቁልፏን ከቦርሳዋ ፈልጋ አወጣች፣ ሻንጣውን አነሳችላትና በሩን ከፈተች።